ደብሩ ሞልቶ መዝገቡ ሲጎድል

በየወሩ በ24ኛው ቀን፣ ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ፣ በአዲስ አበባ ከአብነት ሰፈር ወደ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ነጭ ይለብሳል። በሌላው ቀን በዚያ ሰዓት የሚታየው ከየክፍለ ሀገሩ የገባ ጭነት የሚያራግፍ ተሸካሚ፣ እንቅልፉ ሳይለቀው ተሳፋሪ የሚጣራ የታክሲ ረዳትና በሱቅ ደጅ ካርቶን አንጥፎ ያደረ ዘበኛ ሲሆን፣ በጻድቁ ወርኃዊ በዓል ግን ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ እናቶች፣ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት «ደጁን ስሜ ልምጣ» ያሉ ነጋዴዎች፣ ሌሊቱን በሥራ ያሳለፉ ወጣቶችና እናቶቻቸው በእጅ ይዘው የሚያጣድፏቸው ሕፃናት አስፋልቱን ሞልተው ይጎርፋሉ። ጧፍና ዕጣን፣ ውዳሴ ማርያምና የኪስ ዳዊት፣ ማተብና ሥዕለ አድኅኖ የዘረጉ ቸርቻሪዎች አጥሩን ተጠግተው ይደረደራሉ፤ የማዕጠንቱ ጢስ ከበርበሬው፣ ከቡናውና ከናፍጣው ሽታ ጋር ይቀላቀላል፤ ቅጽሩ ከሞላ በኋላ የደረሰው ምእመን ደግሞ በመንገዱ ዳር ጫማውን አውልቆ ቆሞ፣ በድምፅ ማጉያ የሚመጣለትን ቅዳሴ ያስቀድሳል።

ይህን ያየ ሰው፣ «ሃይማኖት እየቀዘቀዘ፣ አብያተ ክርስቲያናትም እየተዘጉ ነው» የሚለው የዓለም ወሬ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ቢሰማው አይፈረድበትም። ወሬው በመነጨበት አገር ነገሩ እውነት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ራሱን ክርስቲያን ብሎ ያስመዘገበው ሕዝብ ከግማሽ በታች ወርዶ 46.2 ከመቶ ሲሆን፣ «ሃይማኖት የለኝም» ያለው 37.2 ከመቶ ደርሷል፤ በአሜሪካም ከአሥር ጎልማሶች ሦስት ያህሉ ከየትኛውም ሃይማኖት እንዳልሆኑ ይናገራሉ። ምእመን ካጡት ሕንፃዎች ጥቂት የማይባሉትን ተከራይተው ወይም ገዝተው ታቦት ያስገቡባቸው በስደት ያሉ የእኛው ሰዎች መሆናቸውም ለብዙዎቻችን የኩራት ምንጭ ሆኗል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2010 ዓ.ም. ስለ ኦርቶዶክሳውያን ባወጣው ዘገባ፣ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን 78 ከመቶው በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ፣ በሩስያ ግን ይህን የሚያደርጉት 6 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ አስፍሯል። 98 ከመቶው «ሃይማኖት በሕይወቴ ውስጥ እጅግ አስፈላጊ ነው» ያሉባት ሀገር ስለ ሃይማኖት መድከም የምታወራው ምን ቸግሯት ነው ያሰኛል።

የሀገራችን የቆጠራ መዝገብ ግን እንዲህ ተዝናንተን እንድንቀመጥ አይፈቅድም። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ የሕዝብ ቆጠራ ከሕዝቡ 54 ከመቶ ያህሉ ኦርቶዶክሳዊ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ይኸው ድርሻ 50.6፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 43.5 ከመቶ ሆኗል። በዚሁ ዘመን ፕሮቴስታንቱ ከ5.5 ገደማ ተነሥቶ ወደ 10.2፣ ከዚያም ወደ 18.6 ከመቶ ከፍ ሲል፣ እስላሙ ከ33 ከመቶ እምብዛም አልራቀም፤ ካቶሊኩም ከአንድ ከመቶ በታች ሆኖ ቆይቷል። በኦሮሚያ የኦርቶዶክሳውያን ድርሻ ከ41 ወደ 30 ከመቶ ዝቅ አለ፤ በያኔው የደቡብ ክልል የፕሮቴስታንቱ ድርሻ ከ35 ወደ 55 ከመቶ ገደማ ወጣ፤ በአማራ ክልል ግን ከመቶው 82 የሚሆነው ኦርቶዶክሳዊ እንደሆነ ተመዘገበ። በአዲስ አበባም በ1987 ዓ.ም. 82 ከመቶ የነበረው በ1999 ዓ.ም. 74.7 ሲደርስ፣ ፕሮቴስታንቱ ከ3.9 ወደ 7.8 ከመቶ፣ ማለትም እጥፍ ሆነ። በአንጻሩ በራስ ቁጥር ሲታይ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የኦርቶዶክሳውያኑ ብዛት ከ27 ሚሊዮን ገደማ ወደ 32 ሚሊዮን አድጓል። ቤተ ክርስቲያኒቱ አምስት ሚሊዮን ነፍስ ጨምራ ሳለች ከሕዝቡ ያላት ድርሻ በ7 ነጥብ ቀነሰ፤ ሁለቱም እውነት ነውና አንዱን ብቻ መዝዞ የሚያወራ ሰባኪም ሆነ ተከራካሪ ግማሹን ይደብቃል።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር መካከል «ሃይማኖት የለኝም» የሚለው ሰው ከቁጥር የማይገባ ያህል ጥቂት መሆኑን ልብ ይሏል። በእኛ ሀገር ከአንዱ ቤት የወጣ ሰው ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ወደ ሌላው ቤት ይገባል፤ ወይም ማተቡን ከአንገቱ ሳይበጥስ፣ ስሙንም ሳይለውጥ፣ ከአጥቢያው መዝገብ፣ ከንስሐ አባቱና ከሰንበቴው ብቻ ቀስ ብሎ ይርቃል። የመጀመሪያውን ቆጣሪ ይመዘግበዋል። ሁለተኛውን የሚያውቀው ግን ስሙ የተጻፈበትን የደብር ደብተር የሚያገላብጥ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ የወደፊቱ ዕጣ የሚወሰነውም በዚህኛው እንደሆነ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያምናል። ይህንን ለመረዳት እንደ አብነትና እንደ አካባቢው ያለ ሰፈር ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

አብነት የሚጎራበተው መርካቶ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ከተደረገ ወዲህ የተስፋፋ በመሆኑ፣ በዙሪያው የሰፈረው ሕዝብ በአብዛኛው አያቱ የተቀበረበትን ደብር ትቶ የመጣ ነው። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ ከመንዝና ከቡልጋ፣ ከጎጃምና ከወለጋ የመጣው ሁሉ በአንድ ተራ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍቶ፣ በአንድ ዕድር ሬሳውን እያነሣ፣ በአንድ ቧንቧ ውሃ እየቀዳ ኖሯል። የራጉኤል ጉልላትና የታላቁ አንዋር መስጊድ ሚናሬት በመርካቶ መካከል ጎረቤት ሆነው መቆማቸውም የዚህ አብሮ መኖር ምስክር ነው። ለእንዲህ ያለው መጻተኛ ሕዝብ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቦታ ብቻ አልነበረችም። የሀገሩን ልጅ የሚያገኝበት፣ ዋስ የሚጠራበት፣ ገንዘብ የሚበደርበት፣ ልጁን የሚድርበት፣ በመጨረሻም የሚቀበርበት ሀገር ሆናለት ነበር።

ማሰሪያው እንዴት እንደሚጠብቅ ለሚያውቅ ሰው መተረክ አያሻም፤ ለማያውቀው ወጣት አንባቢ ግን በአጭሩ ላስታውስ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ የክርስትና አባትና እናት ያቆማሉ። ቤተሰቡ የንስሐ አባት ይይዛል። የንስሐ አባቱም በዓል ሲሆን ጸበል ይዘው ወደ ቤቱ ይመጣሉ፤ እናት «አባ፣ ይባርኩን» ብላ መስቀሉን ትሳለማለች፣ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ» ብለው ከተቀመጡ በኋላ የታመመውን፣ የተጣላውንና ከቤት የጠፋውን ልጅ በስሙ እየጠሩ ይጠይቃሉ። ወርኃዊው የጽዋ ማኅበርና የእሑዱ ሰንበቴ ጎረቤቱን በጠላና በዳቦ ያገናኘዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሞት ቀን አለ። ሰው ሲሞት የዕድሩ ጡሩንባ እንደተነፋ ከደብሩ ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው ጥያቄ «የሰበካ ደብተሩ የታለ? የንስሐ አባቱስ ማን ናቸው?» የሚል ነው። ለዓመታት ከቅዳሴ ርቆ የኖረ ሰው ቤተሰቦቹ ውዝፉን ከፍለው፣ የንስሐ አባት አፈላልገው፣ ፍትሐቱን ያስደርሱለታል። በመርካቶ ሥጋዊ ጉዳይ ሁሉ በደረሰኝ ስለሚሄድ ይህ ለነጋዴው አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የሚገናኘው በመቃብር ደረሰኝ ብቻ ሲሆን ማሰሪያው በአንድ ክር ቀርቷል ማለት ነው።

የሰበካ ጉባኤው ነገር ከተነሣ ዘንድ ታሪኩን ሳይጠቅሱ ማለፍ ይከብዳል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሃይማኖት ተብላ የተደነገገችው ቤተ ክርስቲያን ኑሮዋ የተመሠረተው በመሬት ላይ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ፣ ካህናትና ምእመናን በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤ እንዲያቋቁሙ፣ ምእመኑም በአባልነት ተመዝግቦ መዋጮ እንዲከፍል ሲታዘዝ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባው ሰው ብዙ አልነበረም። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ታወጀ፤ ርስትና ጉልቱ በአንድ ቀን ቀረ። ያን ጊዜ ደብሩን ከመዘጋት፣ ካህኑንም ከመበተን ያዳነው ይኸው የምእመናን መዋጮ ነው። ደንቡ በዘመናቸው የወጣው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ አፅማቸው ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ያረፈው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። በዚያው በሐምሌ ወር የወንጌላዊት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም እንዲሁ ተይዘው ተገድለዋል። አምላክ የለሽነትን በውይይት ክበብ ያስተማረው መንግሥት ሁለቱን አባቶች በአንድ ክረምት ሲገድል፣ ሃይማኖት የሚጠፋ መስሎት ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የተዘጉ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች አባላት በየመኖሪያ ቤቱ፣ መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መሰብሰብ ጀመሩ፤ በኦርቶዶክሱም በኩል ወጣቱ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ጎረፈ። ማኅበረ ቅዱሳን የተባለውና ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ሥር የሰደደው የተማሩ ምእመናን ማኅበር በ1984 ዓ.ም. ሲመሠረት መነሻው ይኸው ትውልድ ነበር።

ከአብነት ብዙ ሳይርቅ፣ በጌጃ ሰፈር፣ እሑድ ጠዋት ሌላ መልክ አለው። ወደ ጌጃ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የሚጓዘው ሰው ነጠላ አያጣፋም፤ አንዳንዱ ሱፉን ለብሶ፣ አንዳንዱ የዘወትር ልብሱን አድርጎ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዞ ይሄዳል። በውስጡ ኪቦርድና መዘምራን አሉ፤ ስብከቱ ረጅም ነው፤ በአዳራሹ ሁሉም ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከፕሮግራሙ በኋላ ደግሞ አዲስ የመጣ ሰው ካለ እጁን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ስሙና የስልክ ቁጥሩ ይያዛል፤ በሳምንቱ ውስጥም በሰፈሩ ያለ የቤት ኅብረት መሪ ይደውልለታል። ለተራው አማኝ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው የዘመናችን ልዩነት ከዶግማው ይልቅ በዚህ የስልክ ጥሪ ይገለጣል ብል የሚቆጣኝ ሊቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለ ተዋሕዶና ስለ ቅዱሳን ምልጃ ያለው ክርክር ዋና መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ከወላይታ ወይም ከሀድያ መጥቶ በመርካቶ ሸራ ተራ ጭነት ተሸክሞ የሚያድር የ19 ዓመት ወጣት በመጀመሪያው እሑድ የፈለገው ስሙን የሚጠይቀውን ሰው ነበር።

የጌጃ ታሪክ ከሀገሪቱ ታሪክ አይነጠልም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ሀገሪቱን ለስብከት «ክፍት» በሆነና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሚባል ክልል ሲከፍል፣ አዲስ አበባን ክፍት አድርጓት ነበር። በደቡብ የሠራው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን መልእክተኞች በጠላት ወረራ ምክንያት ጥቂት የተጠመቁ ሰዎችን ትተው ከወላይታ ሲወጡ ሥራቸው ያበቃ መስሏቸው ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ግን በሀገሬው ሰባኪዎች እጅ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ምእመን ጠበቃቸው፤ ቃለ ሕይወት የበቀለችው ከዚህ ነው። መካነ ኢየሱስም በጥር 1951 ዓ.ም. ስትቋቋም 20 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ እንዳሏት ትገልጻለች። ለዚህ ዕድገት የውጭ ገንዘብን ብቻ ምክንያት የሚያደርጉ ወገኖች አሉ፤ ገንዘብ መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም መልእክተኞቹ ባልነበሩበት፣ ጸሎት ቤቱም በተዘጋበት ጊዜ የበዛን ሕዝብ ገንዘብ አበዛው ማለት አያሳምንም። ይልቁንስ ቋንቋውን ማየት ይሻላል። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በኦሮምኛ ያዘጋጁት መጽሐፍ ቅዱስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ታትሞ ነበር። ግእዝ ውበቱ ሊነገር የማይችል ቢሆንም፣ ከአማርኛውም ከግእዙም የራቀ ገበሬ በእናቱ ቋንቋ የሰማውን ቃል ይዞ ቢሄድ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሊቃውንቱ ራሳቸው የተወያዩበት ጉዳይ ነው። ሳይፈታ የቆየው ይኸው የቋንቋና የአስተዳደር ጥያቄ በጥር 2015 ዓ.ም. ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጪ በተፈጸመ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት መልክ ፈንድቶ፣ ምእመኑን ጥቁር አልብሶ፣ በየካቲት ወር በዕርቅ የረገበ ቢመስልም፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ በአክሱም የትግራይ አባቶች የራሳቸውን ጳጳሳት መሾማቸው ቁስሉ አለመድረቁን አሳየ።

በአብነት ዙሪያ ባሉት የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ይህ ታሪክ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል። እናት ዓቢይ ጾምን በውሃና በሽሮ ስትጾም፣ ትልቁ ልጅ ጌጃ ወይም ሌላ ጸሎት ቤት ይሄዳል፤ ትንሿ ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፤ አባት ከተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ ንግሥ በቀር የቤተ ክርስቲያን ደጅ አይረግጥም። ከ40 ዓመት በፊት «ጴንጤ» የተባለ ልጅ ከቤት ይባረር፣ ሲሞትም በአጥቢያው መቃብር ቦታ ይነፈግ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት እናቲቱ የጾሙን ወጥ ለብቻ፣ የፍስኩን ለብቻ ሠርታ፣ «ሃይማኖት የግል ነው» በሚለው የቆየ አባባል ልቧን ታጽናናለች። ይህ መቻቻል የሚመሰገን ነው። ሆኖም ልጅ ከእናቱ ማዕድ ሳይለይ ከእናቱ ደብር የሚለይበት ዘመን መምጣቱን ያሳያልና፣ አጥቢያው ቤተሰብን በሙሉ በአንድ መዝገብ ይይዝ የነበረበት ሥርዓት አብሮ ላልቷል።

ፕሮቴስታንቱም ቢሆን በአሸናፊነት የሚፎክርበት ምክንያት የለውም። ባለፉት 20 ዓመታት ነቢይና ሐዋርያ ነኝ የሚል ሰባኪ በየአዳራሹ በዝቶ፣ በረከትን በብር የሚለካ፣ ድውይን በካሜራ ፊት የሚያነሣ ትርኢት በቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሲተላለፍ፣ ነባሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው አፍረዋል፤ ሥርዓት ለማስያዝም ከሚደረጉት ጥረቶች አንዱ የሆነው የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። በአንድ ዓመት ሦስት አዳራሽ የለወጠ ወጣት የማን አባል ነው? ከአንዱ ነቢይ ወደ ሌላው ሲዞር ኖሮ ተስፋው ሲከሽፍ ወደ እናቱ ደብር የሚመለስ አለ፤ ወደየትም የማይመለስም አለ። የሀገራችን «ሃይማኖት የለሽ» የሚወለድ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ከፈላስፋ መጽሐፍ ይልቅ ከእንዲህ ያለው ድካም የሚወለድ ይመስለኛል።

ወደ ደብሩ እንመለስ። የአብነትና የልደታ አካባቢ ምእመን ከአጥቢያው የተለየበት ትልቁ ምክንያት የእምነት ክርክር አይደለም፤ የቤት ዕጣ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተጀመረ፣ የልደታም አሮጌ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ከፈረሰ ወዲህ፣ በተክለ ሃይማኖት፣ በአማኑኤል፣ በልደታ ክርስትና ተነሥተው ያደጉ ቤተሰቦች ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ተበትነዋል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ብትናቱን አፋጥኖታል። ዕድሩ ፈረሰ፤ ሰንበቴው ተሰነጠቀ፤ የንስሐ አባትየው በአንድ ሰፈር ተዘዋውረው ይጠይቋቸው የነበሩት ልጆቻቸው በከተማው አራት ማዕዘን ስለተበተኑ፣ በበዓል ቀን በስልክ «እንኳን አደረሳችሁ ልጆቼ» ከማለት በቀር የሚችሉት የለም። የተነሡት ሰዎች በንግሥ ቀን ሁለት ታክሲ ለውጠው ወደ ቀድሞው ደብራቸው ይመጣሉ፤ ከላይ ያየነው የ24ኛው ቀን ነጭ ጎርፍ ግማሹ እንዲህ ያለ መንገደኛ ነው። ለዚህም ነው ቅጽሩ በበዓል ሞልቶ በአዘቦት ቅዳሴ የሚሳሳው፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ከብዶ የሰበካ አባላት ዝርዝር የሚያጥረው።

በአዲሱ ሰፈር ደግሞ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት እኩል አይደርሱም። የወንጌላውያኑ የቤት ኅብረት ዕጣው በወጣ ሳምንት በአራተኛው ፎቅ ሳሎን ውስጥ ሊጀመር ይችላል፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ወንበርና አንድ መሪ ነው። ኦርቶዶክሱ ግን በሥርዓቱ ታቦት፣ ታቦቱም ቤት፣ ቤቱም ቦታ፣ ቦታውም የመንግሥት ፈቃድ፣ አገልግሎቱም ከሁለት የማያንሱ ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይሻል። የአምልኮቱ ክብር ይህን ይጠይቃልና ማንም ይቅር አይልም። የቦታው ፈቃድ ግን የሥርዓተ ቅዳሴ ጉዳይ አይደለም፤ የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ነው። በአንድ ጀምበር ለብዙ ሺህ አባወራ ቤት ያከፋፈለ ፕላን የጸሎት ቦታን በበቂ ሳያስብ መቅረቱ፣ ምእመኑ በራሱ ፈቃድ አጥር እያጠረ ድንኳን እንዲተክል፣ ከመንግሥትም እንዲጋጭ አድርጎታል። በጥር 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 24 በሚባለው አካባቢ እንዲህ ባለ ክርክር በሌሊት በተወሰደ እርምጃ የሰው ሕይወት መጥፋቱን ከተማው አይረሳውም።

ሌላው ጉዳይ የካህኑ ነው። ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ፣ በቅኔና በትርጓሜ ቤት አልፎ መምህር ለመባል 20 ዓመት ቢፈጅ አያስደንቅም። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ፣ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት የከተማውን ደብሮች በሊቃውንት ሲቀልቡ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚማርበት ገጠር ባለፉት ዓመታት በጦርነት ሲታመስ፣ የምንጩ ውሃ መቀነሱ አይቀርም። እስከዚያው በጎጃም በረንዳ ሎተሪ ሲያዞር ወይም በአንድ መጋዘን ደጅ በዘበኝነት ሲያድር የምታገኘው ወጣት፣ ብታነጋግረው፣ የቅኔ ቤት ልጅ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ጉባኤ ቃና ይዘርፍልሃል። በሌላ ወገን በከተማው ያሉ ሀብታም ደብሮች ቅጥር በዝምድናና በገንዘብ ይሰጣል የሚለው ሮሮ ለዓመታት ያልተቋረጠ ነው፤ ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ራሳቸውም ሙስናን በአደባባይ ደጋግመው ወቅሰዋል። ቅኔ የሚያውቀው ሎተሪ እያዞረ፣ ዘመድ ያለው ደመወዝ የሚቀበል ከሆነ፣ ምእመኑ ያንን አይቶ ዝም ይላል፤ ዝም ብሎም መዋጮውን ያቆማል።

በተከፋፈለው ልብ ላይ ስልኩ ተጨምሯል። በጫማ ተራ ባለ አንድ ሱቅ ውስጥ ወጣቱ ሻጭ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ በእጅ ስልኩ የአንድ ታዋቂ መምህር ስብከት ያዳምጣል፤ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ከአያቱም የተሻለ መጽሐፍ ቅዱስ ያውቃል። ነገር ግን መምህሩ አያውቀውም። ሲታመም አይጠይቀውም፣ ሲጣላ አያስታርቀውም፣ ሲሞትም አይፈታውም። በአንድ በኩል ከምን ጊዜውም ይበልጥ የተማረ፣ በሌላ በኩል ከምን ጊዜውም ይበልጥ አባት የሌለው ምእመን በዚህ መንገድ እየተፈጠረ ነው።

በአውሮፓ የሆነው በእኛም ይደገማል የሚሉ ሰዎች ትንቢታቸውን ገና ያልበሰለ ፍሬ ላይ መሥርተዋል፤ በአውሮፓ የሆነው በእኛ ፈጽሞ አይደርስም የሚሉትም የ24ኛውን ቀን ሕዝብ ብቻ አይተዋል። በዚያ አገር ሰው መጀመሪያ ከአጥቢያው ቀረ፤ ከዚያ ልጁን ሳያስጠምቅ ተወ፤ ልጁ ሲያድግ ደግሞ «ክርስቲያን ነህ?» ሲባል የሚመልሰው አጣ። የመጀመሪያው ደረጃ በአዲስ አበባ ተጀምሯል፤ ሁለተኛው ገና ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ሥራ የሚሠራበት ነው።

ስለዚህ በተክለ ሃይማኖት፣ በራጉኤል፣ በአማኑኤልና በልደታ ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ሌላው ሁሉ ይቆየንና፣ ከሰፈሩ የተነሡትን ምእመናን ስም ከአሮጌው መዝገብ አውጡ፤ የሄዱበትን ጠይቁ፤ በአዲሱ ሰፈራቸው ላለው አጥቢያ ደብዳቤ ጽፋችሁ አስተላልፏቸው፤ አጥቢያ ከሌለም በወር አንድ ቀን ካህን ላኩላቸው። የሕዝብ ቆጠራ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አልተደረገምና፣ ማን እንደቀረና ማን እንደሄደ የሚያውቅ ሌላ መዝገብ የለም።